በግመሎች ጉድጓድ የተሣሉት ላሞች

ከጅግጅጋ ተነሥቶ ወደ ሀርሺን የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ አብዝቶ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ግመልና ቢርካ። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። የሐውድ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲዘገይ ቢርካው ይደርቃል፤ ቢርካው ሲደርቅ ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ቦቴውም ካልመጣ ሰው ከነመንጋው ይነቀላል። እንዲህ ባለ ምድር የሚኖር አርብቶ አደር ሀብቱን በግመል ቢቆጥር፣ ለጥሎሽም ለደም ካሳም ግመልን ቢያስቀድም አያስደንቅም። ግመል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ውሃ ሳትቀምስ ትቆያለች። ላም ግን ቢበዛ በሦስት ቀን አንዴ ካልጠጣች መጀመሪያ ወተቷ ይነጥፋል፣ ከዚያ ራሷ ትወድቃለች።

ከሀርሺን ወረዳ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ሀርጌሳን አልፎ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ የግራናይት ኮረብታ አለ። ላስ ጌል ይባላል። በሶማሊኛ «ላስ» የውሃ ጉድጓድ፣ «ጌል» ግመል ነው፤ የግመሎች ጉድጓድ እንደ ማለት። ኮረብታው ላይ ባሉት ጥልቀት የሌላቸው ዋሻዎች ጣሪያና ግድግዳ፣ በቀይ፣ በነጭ፣ በቢጫና በቡናማ ቀለም የተሠሩ ሥዕሎች ሞልተዋል። በዋናው ዋሻ ብቻ 350 ያህል ምስሎች ተቆጥረዋል። ቦታው በግመል ስም ይጠራ እንጂ ግድግዳውን የሞላው ግመል አይደለም። ላም ነው።

ስለ ሶማሌላንድ በአዲስ አበባ ሲወራ የሚወራው ስለ ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አንካራ ላይ ከሞቃዲሾ ጋር የወጣው መግለጫ፣ የባሕር በር፣ የጦር ሰፈር፣ እውቅና። ይህ ሁሉ መወራት ያለበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ከሀርሺን ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ ያለው ሥዕል ስለዚህ ምድር የሚናገረው ነገር አለ፤ ደግሞም ከየትኛውም ሰነድ ይልቅ ያረጀ ነው። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ የሚነበብ ከመሰለን የምናነበው የራሳችንን ሐሳብ ነው። ሠዓሊው ምን ቀለም፣ ምን መሣሪያ፣ ምን ልማድ እንደነበረው ሳያውቁ «ይህ እንዲህ ማለት ነው» ማለት ስንት ሰው አሳስቷል።

ለዚህ ማስረጃ ለማየት ጥቂት ወደ ሩቅ፣ ወደ ጥንቷ ግሪክ መሄድ ይጠቅማል፤ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚቀርብ ምሳሌ አለና።

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚዞር አንድ ክርክር አለ። የጥንት ግሪክ እንስራዎች ፎቶ ይለጠፍና «ተመልከቱ፣ የግሪክ ጀግኖች ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ» ይባላል። በእርግጥም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት በቆሮንቶስና በአቴና የተሠሩት እንስራዎች ላይ ያሉት ወንዶች ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ አኪሊስም፣ ሄራክሊስም፣ ፈረሱም፣ በሬውም። ምክንያቱ ግን ቆዳ ሳይሆን እቶን ነው። ሠዓሊው የሚጠቀመው ቀለም ከእንስራው ጋር አንድ ዓይነት ጭቃ ነው፤ ልዩነቱ በውሃ ተበጥብጦ፣ አሸዋው ዘቅጦ የቀረው እጅግ ደቃቁ መሆኑ ነው። በዚህ ጭቃ የሰውየውን ቅርጽ እንደ ጥላ ሞልቶ ይቀባል። ከዚያ በሹል ብረት እየጫረ ዓይንን፣ ጢምን፣ የልብስን ጥልፍ፣ የጡንቻን መስመር ያወጣል። በመጨረሻ እሳቱ ሦስት ጊዜ ይቀያየራል። መጀመሪያ አየር ሲገባበት ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል። ቀጥሎ እርጥብ እንጨት ተጨምሮ አየሩ ሲዘጋ ሁሉም ይጠቁራል፤ ደቃቁ ጭቃም በሙቀቱ እንደ ብርጭቆ ይዘጋል። እንደገና አየር ሲገባ እንስራው ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ የተዘጋው ቅብ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ትኩስ ሸክላን በገለባ አፍኖ የሚያጠቁር የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ፣ የኬሚስትሪው ምክንያት ቢለይም፣ አየርን መዝጋትና መክፈት ምን እንደሚሠራ ያውቀዋል።

ስለዚህ በዚያ ስልት ወንድ ጥቁር የሆነው ቅቡ ጥቁር ስለሆነ ነው። ሴቶች ላይ ነጭ ይደረብባቸው ነበር፤ ይህም ልማድ እንጂ የቆዳ ምስክርነት አይደለም። ታዲያ ሁሉም ወንድ በጠቆረበት ሸክላ ላይ እውነተኛ አፍሪካዊ መሣል ሲያስፈልግ ሠዓሊው ምን ያደርጋል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በአቴና ይሠራ የነበረው ኤክሲኪያስ መልሱን ትቶልናል። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለ አንድ ሁለት እጀታ ያለው እንስራ ላይ፣ ለትሮይ ሊዋጋ የመጣውን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖንን በሁለት አፍሪካውያን አጃቢዎቹ መካከል አቁሞታል። አጃቢዎቹን የለያቸው በቀለም አይደለም፤ በተጫረው መስመር ነው፤ በአፍንጫቸው፣ በከንፈራቸው፣ በጠጉራቸው። ንጉሡ ሜምኖን ራሱ ግን እንደ ማንኛውም የግሪክ ጀግና ሙሉ ትጥቅ ለብሶ ቆሟል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ በአብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር እንጂ የዛሬዋን ካርታ እንዳላሰቡም መታወስ አለበት። ያም ሆነ ይህ ነጥቡ ይህ ነው፤ በቀለሙ ያነበበ ይሳሳታል፣ በጭረቱ ያነበበ ያገኛል።

ወደ ላስ ጌል ስንመለስም የሚጠብቀን ፈተና ይኸው ነው። በዓይን መጀመሪያ የሚገባው ነገር ሁልጊዜ ዋናው አይደለም።

የላስ ጌል ላም አሣሣል ጥብቅ ሥርዓት አለው። አካሏ በጎን ይታያል፤ ወፍራም፣ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ፣ እግሮቿ አጫጭር። ቀንዶቿ ግን በጎን አልተሣሉም። ከፊት ለፊት እንደሚታዩ ሆነው ወደ ላይ ተከፍተው እንደ በገና ክንድ ይቆለመማሉ። ራሷ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ከቀንዱ ሥር የጠፋ እስኪመስል ድረስ። አንገቷ ደግሞ ከልክ በላይ ሰፍቶ በቀይና በነጭ ቁም መስመሮች ተሸልሟል። በኋላ እግሮቿ መካከል ግቷ ከነጡቶቿ ጎልቶ ይወጣል። ይህ ቅርጽ ከላም ላም አይለዋወጥም ማለት ይቻላል። የሚለዋወጠው የአንገቱ ሽልማት ነው።

ጎንና ፊት በአንድ አካል ላይ መቀላቀሉን ያየ ሰው «መሣል ስላልቻሉ ነው» ሊል ይችላል። ብዙ የቱሪዝም ጽሑፍ «የዋህ» እና «ጥንታዊ» በሚሉ ቃላት የሚያልፈው ይህንኑ ነው። ግን ኤክሲኪያስም እንዲሁ አድርጓል። በግሪኩ ጥቁር ምስል ላይ ፊት በጎን ሲሣል ዓይን ግን ሙሉ ሆኖ፣ ከፊት እንደሚታይ ሆኖ ይሠራል። የግብፅ ሠዓሊዎች ትከሻን ከፊት፣ እግርን ከጎን ሣሉ። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቁ ሁለት ዓይን፣ ከሃዲው ወይም ሰይጣኑ አንድ ዓይን ሆኖ በጎን መታየቱን ያላስተዋለ የለም። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር ራሱን በይበልጥ በሚገልጥበት ጎኑ ማሳየት። የላም አካል በጎን ነው የሚታወቀው፤ ቀንዷ ግን በጎን ቢሣል አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል። ቀንዱን ለማክበር ከፊት መሣል ግድ ነው። ይህ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የታሰበበት ምርጫ ነው።

የቀለሙ ነገርም እንዲሁ። የላስ ጌል ቀይ ከብረት ማዕድን የሚገኝ ቀይ አፈር ነው፤ የግሪኩን እንስራ ቀይም ጥቁርም የሚያደርገውም ብረት ነው። ግሪኩ እሳትን ተጠቅሞ ከአንድ ብረት ሁለት ቀለም አወጣ። የላስ ጌል ሠዓሊ እሳት አላስፈለገውም፤ ቀዩንና ነጩን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ሠራ። ግሪኩ ዝርዝርን የሚያወጣው ጥቁሩን ፍቆ ከሥሩ ቀዩን በማሳየት ሲሆን፣ እዚህ ደግሞ አንዱ መስመር ሌላውን በቀለም ልዩነት ይገልጠዋል። በላሟ አንገት ላይ ያሉት መስመሮች የተሳካላቸው ስለዚህ ነው፤ ከዐለቱ ሥር ቆሞ ቀና ለሚል ሰው ከሁሉ ቀድመው ዓይን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

በዚህ የአፍሪካ ክፍል ቀይ አፈርን ፈጭቶ መጠቀም ከሥዕሉም ይበልጥ ጥንታዊ ነው። ከድሬዳዋ ከተማ አጠገብ ያለውና ፈረንሳዮች «የጃርት ዋሻ» ብለው የሰየሙት ፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረ ንብብር ውስጥ 4,213 የቀይ አፈር ስብርባሪዎች ተገኝተውበታል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ያህል ነው። አብረው የተገኙ የመፍጫ ድንጋዮችም ነበሩ። ከእነዚያ ሰዎች እስከ ላሞቹ ሠዓሊዎች ድረስ ያለው ጊዜ ከላሞቹ ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ ካለው ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዘመኑ ይህን ያህል የተራራቀ ስለሆነ «ያው አባቶቻችን ናቸው» ብሎ ማያያዝ አያስኬድም። ቀይ አፈሩ ግን ያው ቀይ አፈር ነው።

አሁን ወደ አቀማመጡ፣ ማለትም ምን ከምን አጠገብ እንደተቀመጠ። ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

የግሪክ እንስራ ሥዕል ትያትር ነው። ከእግር ሥር የመሬት መስመር አለ፤ ዙሪያውን በሐረግ የታጠረ መድረክ አለ፤ በመድረኩ ላይ አንድ ነገር እየተፈጸመ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተዋናዮቹ ስም ከጎናቸው ተጽፏል። በቫቲካን ሙዚየም ያለው ታዋቂው የኤክሲኪያስ እንስራ ላይ አኪሊስና አያክስ ጎንበስ ብለው ጠጠር ይጫወታሉ። ጦሮቻቸው ወደ ታች እያዘነበሉ የተመልካቹን ዓይን ወደ መጫወቻው ሳጥን ይመሩታል፤ ጀርባቸው የእንስራውን ጉብታ ተከትሎ ይጎብጣል። ከብት በዚህ ዓለም ውስጥ ሲገባ የሚገባው ለሰው ጉዳይ ነው፤ ለመሥዋዕት ሲነዳ ወይም ሄራክሊስ ሲዘርፈው። ሰው መካከል ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያጅበዋል።

ላስ ጌል ላይ ይህ ሁሉ ተገልብጧል። የመሬት መስመር የለም፤ ክፈፍ የለም፤ ጦርነት የለም፤ በጣሪያው ላይ ላሞቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተሣለ ሄዷል። እንስራን ሰው በእጁ ያዞረዋል። እዚህ ግን የሚዞረው ተመልካቹ ነው፤ አንገቱን አቅንቶ ከጣሪያው ሥር ይዞራል። እያንዳንዷ ላም ትልቅ ናት። ሰውየው ትንሽ ነው። የሚቆመውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ከአንገቷ ሥር ወይም ከኋላዋ። አካሉ ከፊት ይታያል፤ ሸሚዝ የሚመስል ነጭ ልብስ ለብሷል፤ እጆቹን ዘርግቷል። አንዳንዱ ቀስት ይዟል፤ አንዳንዱን ውሻ ይከተለዋል። አንዲት ቀጭኔም አለች፤ ስለ እሷ ኋላ እንመለሳለን።

ይህ አቀማመጥ ደጋግሞ መምጣቱ ትርጉም አለው። ትንሹን ሰው «ሕፃን እረኛ ነው» ያሉ ነበሩ። የእንስራዎቹን ስህተት የሚመስለው ይህ ነው፤ መጠንን እንደ ርዝመት ማንበብ። በላስ ጌል መጠን የክብር መለኪያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቆ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው መኰንን በአካል ድንክ ሆኖ እንዳልነበረ ሁሉ፣ በላሟ አንገት ሥር እጁን ዘርግቶ የቆመው ሰውም ድንክ አልነበረም። ቦታውን ያውቅ ነበር። ለዚህም ነው ብዙ ተመራማሪዎች ሥዕሎቹ ተራ የከብት እርባታ ትዕይንት ሳይሆኑ ለላሟ የሚደረግ የአክብሮት ሥርዓት ምስሎች ናቸው የሚሉት። የተሸለመው አንገት ይህንን ያጠናክረዋል። ለሚወደው እንስሳ አንገት ጌጥ ማሰር አርብቶ አደር የማይረሳው ነገር ነው፤ የሶማሌ እረኛ ዛሬም በመሪዋ ግመል አንገት ላይ «ኮር» የሚባለውን የእንጨት ደወል ያንጠለጥላል። በኦሞ ሸለቆ ደግሞ ወጣቱ በሚወደው በሬ ቀለም ስም ይጠራል።

ከሁሉ በላይ ግን ግቷ። ወንድ በሬን ጉልበቱን ለማሳየት የሚሥሉ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። እዚህ የገነነው ወተት ነው። ሠዓሊው ራስን አሳንሶ ግትን ካጎላ፣ የትኛው የላም ክፍል ሕይወቱን እንደያዘ ነግሮናል።

ላስ ጌልን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ በግዛቪዬ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሳይ የአርኪዎሎጂ ቡድን ቦታውን አይቶ ማጥናት ሲጀምር። «ተገኘ» የሚለው ቃል ግን የሚያስቅ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ቦታውን ከመጀመሪያውም ያውቁት ነበር፤ መንፈስ ያለበት ነው ብለው ይፈሩት እንጂ። ፍርሃታቸውም ሥዕሉን ከእሳትና ከእጅ ሳይጠብቀው አልቀረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት ወንድሞቹ ቀድመው ነው የተመዘገቡት። ፖርክ ኤፒክን እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት ኢየሱሳዊው ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርዳንና ጀብደኛው ነጋዴ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው። በ1933 ደግሞ በዋሻ ሥዕል ጥናት ስሙ የገነነው ፈረንሳዊ ቄስ አንሪ ብረይ መጥቶ ፖርክ ኤፒክንና በሐረርጌ ሱሬ የሚባለውን ቦታ ሥዕሎች ቀድቷል። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ለጋ ኦዳ፣ በኦሮምኛ «የዋርካ ወንዝ»፣ በረጅም የዐለት ጥላ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አሉት፤ ላሞች፣ ላታም በጎች፣ ሰዎች። እዚህ ያሉት በአብዛኛው ከላስ ጌል ያነሱና ቀለማቸውም የቆጠበ ነው። ግን ሥርዓቱ ያው ነው፤ አካሉ በጎን፣ ቀንዱ ከፊት፣ ግቱ ጎልቶ። ፓቬል ቼርቪቼክ የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ እነዚህን ከዓረቢያ ልሳነ ምድር ሥዕሎች ጋር አነጻጽሮ «የኢትዮ-ዓረቢያ ስልት» በሚለው ስም አንድ ላይ መድቧቸዋል። የስልቱን ቀዳሚ ደረጃ «ሱሬ-ሐናኪያ» ብሎ ሰይሞታል፤ አንዱ ስም ከሐረርጌ፣ ሌላው ከሳውዲ ዓረቢያ።

ካርታ ላይ ሲታይ የዚህ ስልት ሥዕሎች ከድሬዳዋ አካባቢ ተነሥተው ሀርጌሳን አልፈው ይዘልቃሉ። በመካከሉ ያለው ጅግጅጋ፣ ፋፈን፣ ሀርሺን ነው። ይህን ምድር የቆረጠው ድንበር የመጣው ከሥዕሉ በኋላ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬነል ሮድ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ፤ የድንበሩ ደብዳቤ ሐረር ላይ ከራስ መኰንን ጋር ተለዋወጠ። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሳዎች ከብታቸውን ተሻግረው እንዲያሰማሩ በዚያው ተፈቀደ። በ1954 ሐውድ ከእንግሊዝ አስተዳደር ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ ሲፈረም የግጦሽ መብቱ እንደገና ተጻፈ። ዲፕሎማቶቹ መስመር ሲያሰምሩ መንጋው እንደማያከብረው ያውቁ ነበር። በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሀርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ የሸሸው በዚያው የግጦሽ መንገድ ነው፤ በሐርተሼክ የተተከለው የስደተኞች ሰፈር በጊዜው በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ውሃው ከጅግጅጋ በቦቴ ይመጣለት ነበር።

ያ ውሃ ነው የነገሩ ቁልፍ። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ላሞች ረጅም ቀንድ ያላቸውና ሻኛ የሌላቸው ናቸው። ሻኛ ያለው ዝርያ ከእስያ መጥቶ በአፍሪካ ቀንድ የተስፋፋው ኋላ ነው። ተመራማሪዎች ለላስ ጌል የሚሰጡት ዕድሜ፣ በተዘዋዋሪ ማስረጃ፣ ከአምስት ሺህ እስከ አራት ሺህ ዓመት አካባቢ ነው። ይህ ዘመን ሰሐራን ሣር ያበቀለው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆችን የሞላው ረጅሙ የዝናብ ዘመን የሚያከትምበት ወቅት ነው። እንግዲህ ቀጭኔዋ። ቀጭኔ ዛፍ ትፈልጋለች። ላሟ ውሃ ትፈልጋለች። የዚያ ኮረብታ ሠዓሊ ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ግመል በቤት እንስሳነት ከዓረቢያ የተስፋፋችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቦታው «የግመሎች ጉድጓድ» ተብሎ የተጠራው ላሞቹ ከተሣሉ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆን አለበት። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ዘመን አለ፤ አንዱ በሥዕል፣ አንዱ በስም።

ይህ የሩቅ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ወዳጆች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በሶማሌ ክልልም በቦረናም በብዛት ያለቀው ላም ነው። ግመል የነበረው ቤተሰብ ተረፈ፤ ከብቱን ቀድሞ የሸጠ በገንዘቡ ግመልና ፍየል ገዛ። የልማት ባለሙያዎች ይህን «ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ» ብለው በአዲስ ነገርነት ይጽፉታል። በሐውድ ግን አዲስ አይደለም። የላስ ጌልን ጣሪያ በላም የሞሉት ሰዎች ዘሮች፣ ወይም ከእነሱ በኋላ የመጡት፣ ይህንኑ ልውውጥ አንድ ጊዜ አድርገውታል፤ ከላም ወደ ግመል። ልዩነቱ የፍጥነት ነው። ያኔ በብዙ ትውልድ የሆነው አሁን በአንድ እረኛ ዕድሜ ውስጥ እየሆነ ነው። በጅግጅጋ ዙሪያ፣ እርሻና እርባታ በሚቀላቀልበት ሜዳ፣ ላም ዛሬም አለች። ጥያቄው እስከ መቼ ነው።

ሠዓሊዎቹ እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በቀንዱ ውስጥ የድንጋይ ማስረጃ ሁሉ ወዲያው የባለቤትነት ካርታ ይሆናል፤ አንዱ «የኩሽ ነው» ይላል፣ ሌላው የጎሳውን ስም ይጠራል፣ ሦስተኛው ድንበር ይጠቅሳል። ሥዕሉ ስም የለውም። ኤክሲኪያስ ስሙን በእንስራው ላይ ጽፏል፤ የላስ ጌል ሠዓሊ አልጻፈም። ዛሬ ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ ሐረሪ፣ አርጎባ፣ ዐፋር የምንላቸው ስሞች አንዳቸውም በዚያ ዘመን ስለመኖራቸው ማስረጃ የለም። የሥዕሉ ሥርዓት ከሐረርጌ እስከ በርበራ በር ድረስ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ፣ የሚታይ መሆኑ የሚናገረው ስለ አንድ ጎሳ ሳይሆን አንድ ዓይነት ኑሮ ስለነበራቸው ሰዎች ነው። በዚህ ላይ ባንዲራ የሚተክል ሰው እንስራው ላይ ያየውን ጥቁር ቀለም ቆዳ ነው ካለው ሰው አይለይም።

ለጥበቃው ግን ባንዲራ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምፀቱ ይህ ነው። በዓለም ቅርስነት ማስመዝገብ የሚችለው የስምምነቱ አባል የሆነ መንግሥት ብቻ ነው። ሀርጌሳ የተባበሩት መንግሥታት አባል ስላልሆነች ማቅረብ አትችልም። ሞቃዲሾ እ.ኤ.አ. በ2020 ስምምነቱን ተቀብላለች፤ ሥዕሉ ያለበትን ኮረብታ ግን አታስተዳድርም። አንዱ ቁልፉ የለውም፣ ሌላው በሩ የለውም። በዚህ መካከል ፀሐይና ዝናብ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ጎብኚም በእጁ ይነካል። በልጅነቷ ከጦርነቱ የተሰደደችው ሶማሊያዊቷ አርኪዎሎጂስት ሳዳ ሚሬ ወደ ሶማሌላንድ ተመልሳ ዳምባሊንን የመሰሉ ሌሎች የሥዕል ቦታዎችን መዝግባ ለዓለም አስታውቃለች፤ የቅርስ ጥበቃውንም ሥራ መርታለች። አንድ ሰው ግን የመንግሥትን ቦታ አይሸፍንም።

በኢትዮጵያ በኩል የእውቅና ችግር የለም፤ ያለው የትኩረት ችግር ነው። ብረይ የሐረርጌን ሥዕሎች ከቀዳ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሐረማያ አለ፣ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከለጋ ኦዳ እስከ ላስ ጌል ባለው መሥመር መካከል ያለውን የፋፈን ሸለቆና ከጅግጅጋ በላይ ያሉትን ተራሮች ዋሻ በዋሻ ለመፈተሽ የውጭ ቡድን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ መኪና፣ ካሜራና ትዕግሥት በቂ ነው። ላስ ጌል ላይ እንደታየው ቦታውን የሚያውቀው ሰው ደግሞ በአካባቢው ነው ያለው። ዝናብ ድንገት ሲመጣ ፍየሎቹን የትኛው ዐለት ሥር እንደሚያስጠልል፣ አባቱም «እዚያ አትደር» ያለው የትኛውን እንደሆነ የሀርሺን እረኛ ያውቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ የሚጠየቀውም በሶማሊኛ መሆን አለበት።